ዳንቴል የለበሰው ሳጥን

«ዝም የሚል ዕቃ የለም፤ የጠፋው ሰሚ ነው።»

ይህን ያለችኝ አክስቴ ይመኙሻል ናት። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ እሷ ዘንድ በገባሁ ሰሞን ኪሮሽ ስታስይዘኝ፣ ክሩ ሲጠብቅ ይነግርሻል፣ ሲላላም ይነግርሻል፣ አንቺ ጆሮሽን ወደ እጅሽ ጣል አድርጊ እንጂ አለችኝ። ያን ጊዜ የክር ነገር ብቻ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ልጄና የጎረቤት ልጆች ዝናብ ሲይዛቸው በረንዳዬ ላይ ተኮልኩለው ተረት ንገሪን ሲሉኝ የማወራላቸው ከዚያች ቃል የበቀለውን ነው። አጀማመራችንም የራሳችን ነው።

«ተረት ላውሳችሁ?»

«ጆሮ እናውስሽ።»

«በአንድ እጅ ነው በሁለት?»

«በሁለት እጃችን።»

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ፣ ግድግዳ ሁሉ ጆሮ በነበረው ጊዜ፣ ዳገት ላይ በተሠራች አንዲት ከተማ ጥሩወርቅ የምትባል ሴት ነበረች። ምን ያህል ድሮ ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ዋይፋይ ያለበት ድሮ ነው። ልጅ ለሚያሳድግ ሰው አምናም ድሮ ነው።

ባሏ አበጀ ይባላል። የከተማዋን ሠርግ ሁሉ በካሜራ የሚቀርጸው እሱ ነበር። ሙሽራ ስታለቅስ ይቀርጻል፣ ሚዜ ሲሰክር ይቀርጻል፣ አማት ስታኮርፍ ይቀርጻል። የቀረጸውንም ሁሉ አንድ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል። ሳጥኑ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም፤ ሆዱ ግን የከተማዋን ሠርግ ሁሉ ችሏል። አበጀ ሰርቨር ይለዋል። ጥሩወርቅ ሳጥኑ ትለዋለች። እሱም ለሁለቱም አቤት ይላል።

ኋላ ሰው ሁሉ በየኪሱ ካሜራ ያለው ስልክ ያዘና ሠርግ ያለ አበጀ ይደገስ ጀመር። ሥራ ሲጠፋ እግር መንገድ ይፈልጋል። አበጀም ከሰባት ተራራ ማዶ፣ በረሃ ውስጥ፣ መንገድ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ሥራ አገኘ። ጥሩወርቅ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች።

ሊሄድ ሲል ሳጥኑን ቡፌው ላይ አስቀመጠና ከዋይፋዩ ጋር በገመድ አገናኘው። ለሚስቱም እንዲህ አላት፦

«ልጃችን ሲወለድ በካሜራዬ ቅረጪልኝ። የቀረጽሽውን ሳጥኑ ውስጥ ክተቺ። እኔ ከበረሃው ሆኜ በስልኬ አንኳኳለሁ፣ እሱ ይልክልኛል። እጄ ባይደርስ ዓይኔ ይድረስ።»

ሄደ። ልጅቱ ተወለደች። ምንታምር ተባለች፤ ስሟን ያወጣው አባቷ ነው፣ በስልክ።

አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲመለስ አበጀ ከበረሃው ሆኖ ያንኳኳል። ሳጥኑ አቤት ይላል። የልጅቱን ምስል ከሆዱ ያወጣል። ምስሉ ለመንገዱ ስለሚሰፋ፣ ልብስ ሰፊ ሰፊውን ቀሚስ እንደሚያጠበው፣ በመንገዱ ልክ ያጠበዋል። ከዚያ ይልከዋል፤ በዋይፋዩ አፍ፣ በሽቦው ጀርባ፣ በተራራው ትከሻ፣ እስከ በረሃው። አበጀም ያያል። ልጄ አዛጋች ይላል። ልጄ አስነጠሳት ይላል። አጠገቡ ላሉት ሠራተኞች ሁሉ ያሳያል፤ እነሱም ደግመው ደጋግመው ማየት ሲሰለቻቸው፣ አበጀ፣ የኛም ልጆች ያስነጥሳሉ እኮ ይሉታል።

ሳጥኑ ደስ ይለዋል። ሲያንኳኩበት የሚደሰት ዕቃ ነው።

ጥሩወርቅ ግን ብቻዋን ነች። ሲመሽ ልጅ ይተኛል፣ ጎረቤት በሩን ይዘጋል፣ ቤቱ ለአንድ ሰው ይሰፋል። ያን ጊዜ ኪሮሿን ታነሣና ዳንቴል ትሠራለች። ናፈቅኸኝ ማለት ስታፍር አንድ ቋጠሮ፣ ፈራሁ ማለት ስታፍር አንድ ቋጠሮ። እንዲህ እንዲህ እያለች ዳንቴሊቱ አደገች፤ ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለች፣ ዳሯ ላይ አበባ የዞረባት።

በዚያች ከተማ ያልተሸፈነ ዕቃ ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ ዳንቴል አለው፣ የስኳሩ ጣሳ እንኳ የራሱ ዳንቴል አለው። ሳጥኑ ብቻ ራቁቱን ነው። አንድ ቀን ጎረቤት ልትጠይቃት ገብታ፣ ምነው ይሄ ነገር ቤት የገባ አይመስልም አለቻት። ጥሩወርቅ አፈረች። ዳንቴሊቱን አነሣችና ሳጥኑን ከራሱ እስከ እግሩ አለበሰችው።

«ከእንግዲህ አቧራ አያገኝህም፣ እኔ አለሁ» አለችው ዳንቴሊቱ።

ሳጥኑ ለብሶ አያውቅም ነበርና ደስ አለው። «እኔንም የሚሸፍነኝ ሰው አለ ለካ» አለ።

ክረምቱ ገባ። ግድግዳው ላይ የሚኖር አንድ እንሽላሊት ነበር። ብርድ አይወድም፤ ማን ይወዳል። ሙቀት ፍለጋ ቡፌውን ወጣ፣ በዳንቴሊቱ ጫፍ ሾልኮ ገባ፣ የሳጥኑ ጀርባ ላይ በሆዱ ተኛ። ሳጥኑ ሲሠራ ይሞቃል፤ የሚሞቀው አየር ደግሞ ዳንቴሊቱ ይዛው መውጫ አጥቷል። እንሽላሊቱ ዓይኑን ጨፈነና፣ ቤት ማለት ይሄ ነው አለ።

ለእንሽላሊቱ ቤት የሆነው ለሳጥኑ ትኩሳት ሆነ። እጁ ዛለ። ያን ሰፊ ምስል ለማጥበብ ሲነሣ መቀሱ ከበደው። ባንዱ በኩል ሲቆርጥ በሌላው ይረሳል። የቆረጠውን ሳይጨርስ አበጀ ያንኳኳል፣ ቶሎ ልላክ ሲል ቅዳጁን ይልካል። በዋይፋዩ አፍ፣ በሽቦው ጀርባ፣ በተራራው ትከሻ፣ እስከ በረሃው የሚሄደው እንግዲህ ልጅ አልነበረም፤ የልጅ ቁርጥራጭ ነበር።

አበጀ ደወለ። ልጄን ላኪልኝ ብልሽ ጭጋግ ላክሽልኝ ብሎ ሳቀ። ምስሉ ትንሽ ይሄድና ይቆማል፣ አንዲት ክብ ነገር እየዞረች ታሾፍበታለች፤ ልጅቱም ስትመጣ ፊቷ እንደ ንጣፍ ድንጋይ አራት ማዕዘን ነው። ጥሩወርቅ አልሳቀችም። እሱ ልጁን የሚያውቃት በዚያች መስኮት ብቻ ነው። መስኮቷ ከተደፈነች፣ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ የማን ልጅ ናት ሊል ነው። ይህ ሐሳብ ሆዷ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ቡፌው አጠገብ ቆማ፣ ምን ይሆን ጥፋቱ ብላ ለራሷ አወራች።

እንሽላሊቱ ሰማ። ጥፋቱ ከታወቀ ቤቱ ሊፈርስ ነው። ራሱን ብቻ ከዳንቴሊቱ ሥር አወጣ። በዚያ ዘመን እንሽላሊት ሲያወራ ማንም አይደነግጥም ነበር።

«እሜቴ፣ ጥፋቱ የሽቦው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዝናብ ላይ ተሰቅሎ፣ ወፍ ተቀምጦበት፣ ምን ጤና ይኖረዋል?»

ጥሩወርቅ አመነችው። መስመር የሚያይ ሠራተኛ ለምና አስመጣች። ሰውየው ምሰሶው ላይ ወጣ፣ ጎተተ፣ ፈተሸ፣ ወረደ። መስመርሽ ጤነኛ ነው ብሏት ሄደ። ሽቦውም ከላይ ሆኖ፣ እኔ የጫኑኝን ነው የምሸከም፤ ደግሞ ወፏ ዘመዴ ናት፣ ምን አደረገችው አለ።

«ሞቆኛል» አለ ሳጥኑ ከዳንቴሊቱ ሥር። ድምፁ ግን በጥቅጥቁ ክር አልፎ ሲወጣ «እምምም» ብቻ ሆነ። ጥሩወርቅ የምንታምርን ጡጦ እያጠበች ነበር፤ አልሰማችም።

አበጀ አሁንም ጭጋግ ነው አለ።

«እሜቴ» አለ እንሽላሊቱ፣ «እንግዲያስ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው። ልጅ ነው፤ ያንቀላፋል። ከፍ ካላደረጉት አይነቃም።»

ጥሩወርቅ ወንበር ላይ ወጣችና ዋይፋዩን ከጣሪያው ሥር በሚስማር ሰቀለችው። ዋይፋዩ አረንጓዴ ዓይኖቹን እያርገበገበ አለቀሰ። ከፍታ አይወድም ነበር።

«እትዬ፣ ምን አድርጌ ነው የተሰቀልኩት? እኔ የሰጡኝን ነው የማሳልፈው። ልጅ ከሰጡኝ ልጅ፣ ጭጋግ ከሰጡኝ ጭጋግ። ይልቅ ጋሼ ሳጥኑን ጠይቁት፤ ሰሞኑን የሚሰጠኝ ሁሉ ትኩስ ነው፣ አፌን ያቃጥለኛል።»

«ሕፃን ልጅ ሲያጠፋ ሌላ ሰው ላይ ይጠቁማል» አለ እንሽላሊቱ ፈጠን ብሎ።

«ሞቆኛል» አለ ሳጥኑ። «እምምም» ሆኖ ወጣ። ምንታምር እያለቀሰች ነበር፤ ጥሩወርቅ አልሰማችም።

አበጀ ሲደወልለት አሁን ጭጋግ ነው አላለም። ደህና ነው አለ። እንዴት ሆነልህ ብትለው ደህና ነው፣ አየሃት ወይ ብትለው ደህና ነው። ጥሩወርቅ ስልኩን ዘጋች።

ይሄኔ እንሽላሊቱ ሦስተኛውን ተናገረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እንደ አዘነ ሰው።

«እሜቴ፣ መናገሩን አልወደውም ነበር። ሽቦው ጤነኛ፣ ዋይፋዩ ጤነኛ። እንግዲህ የቀረው ማነው? የሚያየው ሰው ነዋ። ዓይን የጠገበውን ነገር ጭጋግ ነው ይላል። ያላቀፉት ልጅ ደግሞ ቶሎ ይረሳል።»

ይህኛው እንደ ሽቦውና እንደ ዋይፋዩ የሚፈተሽ አልነበረም። ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚያይላት ሠራተኛ የለም። ጥሩወርቅ ካሜራውን ወደ መያዣው መለሰችውና ዚፑን ዘጋችው።

«ሞቆኛል» አለ ሳጥኑ። ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ጥሩወርቅም ሰማች፤ የሰማችው ግን ልቧ ውስጥ ያለውን እንሽላሊት እንጂ እሱን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አበጀ ማንኳኳቱን ቀስ በቀስ ተወው። አንድ አመሻሽ ዘለለ፣ ሌላ አመሻሽ ዘለለ፣ ኋላ ጭራሽ ቀረ። ሳጥኑ ይጠብቃል። ፀሐይ ስትገባ መቀሱን ያዘጋጃል፣ የልጅቱን ምስል ከሆዱ ጫፍ ያቀርባል፣ ጆሮውን ወደ ዋይፋዩ ይጥላል።

«መጣ?» ይለዋል።

«አልመጣም፣ ጋሼ» ይለዋል ዋይፋዩ ከላይ።

«ቢመጣ ትነግረኛለህ?»

«እንዴታ፣ ጋሼ። እኔ የት እሄዳለሁ፣ ተሰቅዬ።»

ሳጥኑ ሆዱ ውስጥ የከተማዋ ሠርግ ሁሉ አለ። እልልታው አለ፣ ከበሮው አለ፣ አጃቢው አለ። እሱ ግን ብቻውን ነው። ጥሩወርቅም ከሳጥኑ አንድ ክንድ በማትርቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ብቻዋን ነች። አበጀም ከሰባት ተራራ ማዶ ድንኳን ውስጥ ብቻውን ነው። ሦስቱም አንዳቸው ያንዳቸውን አያውቁም።

ስልኩማ አልቀረም። ይደዋወላሉ።

«ደህና ናችሁ?» ይላታል።

«ደህና ነን። አንተስ?»

«ደህና ነኝ።»

ይዘጋል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ምንታምር ታመመች። ገላዋ ነደደ፣ ዓይኗ ተንከራተተ። ጥሩወርቅ ንፋስ ይመታታል ብላ ሹራብ ደረበችላት፣ በሹራቡ ላይ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ ነጠላዋን፤ ፊቷን ሳይቀር ሸፍና አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች። በመንገድ አበጀ ደወለ። ደህና ናችሁ አላት። ደህና ነን አለችው፤ ከዚያ ሁሉ በረሃ ላይ ሆኖ ምን ያደርጋል፣ ለምን ላስጨንቀው ብላ።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ፣ ሲስተር አመለወርቅ፣ ልጅቱን ከጥቅሉ ውስጥ ፈልጋ አወጣቻት።

«የኔ እህት፣ ልጅ ነው ያመጣሽልኝ ወይስ ሽንኩርት? ብልጠው ብልጠው አያልቅም እኮ» አለቻት። ሳቀችና ወዲያው ሳቋን ተወች። «የምትነድ ልጅ አትሸፍኚ። ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል። አውልቂላት፣ ትተንፍስ።»

ጥሩወርቅ አወለቀች። ብርድ ልብሱን አወለቀች፣ ሹራቡን አወለቀች። ሲስተር አመለወርቅ መድኃኒት ሰጠቻት፣ ገላዋን ለብ ባለ ውኃ አሻሸቻት። ጥሩወርቅ መዳፏን የልጅቱ ግንባር ላይ አድርጋ ተቀመጠች። መዳፏ እሳት ያዘ፣ ቀስ ብሎ ትኩስ፣ ቀስ ብሎ ለብታ፣ በመጨረሻ የልጅ ግንባር ሆነ። ምንታምር ጣቷን ነከሰቻት።

ቤት ሲገቡ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ልጅቱን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችና ደክሟት ቡፌውን ተደገፈች። መዳፏ ሳታስበው ሳጥኑ ላይ አረፈ።

አነሣችው። እንደገና አሳረፈችው፤ አሁን አስባበት። ይህን ሙቀት መዳፏ ያውቀዋል። አሁን ከመጣችበት ነው የሚያውቀው።

«አንተም?» አለችው።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሳጥኑ «እምምም» አለ። ጥሩወርቅ ጎንበስ አለች፣ ጆሮዋን በዳንቴሊቱ ላይ አስጠጋች፣ ትንፋሿን ያዘች።

«ሞቆኛል» አለ ሳጥኑ። «ከለበስኩ ጀምሮ ሞቆኛል። እየነገርኩዎት ነበር፣ እትዬ።»

ዳንቴሊቱን በሁለት እጇ ይዛ ገፈፈቻት። እንሽላሊቱ ዱብ ብሎ ቡፌው ላይ ወደቀ።

«እሜቴ፣ ብርድ!» አለ።

ጥሩወርቅ አየችው። ከመቼ ጀምሮ እዚህ ነህ አለችው። ከክረምቱ መግቢያ አላት። ሽቦው ነው ስትለኝ እዚሁ ነበርክ? እዚሁ ነበርኩ። ዋይፋዩ ነው ስትለኝ? እዚሁ።

«አበጀ ረስቶናል ስትለኝስ?»

እንሽላሊቱ ጭራውን አንቀሳቀሰ። «ሆዴ ሞቆኝ ነበር እኮ እሜቴ። ሆዱ የሞቀው ያገኘውን ይናገራል። ክፋት የለኝም፤ ቤት ነው የፈለግሁት።»

«እኔም» አለች ጥሩወርቅ። ሌላ አልተናገረችውም። መስኮቱን ከፈተችለት፣ ወጣ። ይኸው እስከ ዛሬ እንሽላሊት ዳንቴል ከለበሰ ቴሌቪዥን ጀርባ አይጠፋም፤ ሂዱና በየቤታችሁ ፈልጉ።

ዳንቴሊቱ ወለሉ ላይ ተቆልላ ታለቅስ ነበር። «እኔ የሸፈንኩት ወድጄው ነው» አለች። «በናፍቆት ነው የተሠራሁት፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።»

«አውቃለሁ» አላት ሳጥኑ። «ስትወጂኝ ግን መተንፈሻ አጣሁ።»

ጥሩወርቅ ዳንቴሊቱን አጥባ መስኮቱ ላይ ሰቀለቻት። እዚያ ንፋሱ በቀዳዳዎቿ እያለፈ ያጫውታታል። ዋይፋዩንም ከሚስማሩ አወረደችው፤ እግሩ ቡፌውን ሲነካ አምላኩን አመሰገነ። ሳጥኑም ውስጡ «እምምም» እያለ ሲያጓራ የከረመው ማራገቢያው ረገበ፣ ገላው ቀዘቀዘ፣ መቀሱ ቀለለው።

ተረቱ እዚህ ያለቀ የሚመስላቸው ልጆች አሉ። አላለቀም።

በማግሥቱ ጥሩወርቅ ካሜራውን ከመያዣው አወጣችና ምንታምር የቡፌውን ጠርዝ ይዛ ልትቆም ስትታገል ቀረጸች። ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው። ለአበጀም ደውላ፣ ዛሬ አንኳኳ አለችው። እሱም፣ ግድ የለም ደክሞኛል፣ ሌላ ቀን አላት። አንኳኳ አለችው እንደገና።

አንኳኳ።

«መጣ፣ ጋሼ!» አለ ዋይፋዩ።

ሳጥኑ ላከ። በዋይፋዩ አፍ፣ በሽቦው ጀርባ፣ በተራራው ትከሻ፣ እስከ በረሃው። ክቧ ነገር አልዞረችም። ምስሉ አልቆመም፣ አልተቆራረጠም። ጥሩወርቅ ስልኩን በጆሮዋ ይዛ ጠበቀች።

አይቆራረጥም አላት አበጀ። እንደ ውኃ ይፈስሳል። ፊቷ ግን አሁንም ጭጋግ ነው። ከዚያ ቶሎ ብሎ፣ ይሁን ደህና ነው አለ።

ጥሩወርቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከመስኮቱ ውጭ ግድግዳው ላይ ፀሐይ የሚሞቀው እንሽላሊት፣ ምን ብዬሽ ነበር የሚል መሰላት። ሽቦው ጤነኛ፣ ዋይፋዩ ጤነኛ፣ ሳጥኑም ድኗል። የቀረው የሚያየው ሰው ነው። ደህና ነው ብሏል፤ እሷም እንደ ልማዷ እሺ ብላ ልትዘጋ ጣቷ ስልኩ ላይ ደርሶ ነበር።

ግን ትናንት አንድ ጊዜ መስማት ጀምራለችና ሳጥኑን ዞራ አየችው።

«አንተ ምን ትላለህ?» አለችው።

«እትዬ፣ እኔ የተጠየቅሁትን ነው የምልከው» አላት ሳጥኑ። «ልጅቱ ሙሉዋን እዚህ አለች፣ ሆዴ ውስጥ፣ እስከ ሽፋሽፍቷ። እሱ ግን ትንሹን ነው የሚጠይቀኝ። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ትንሹን ነው የሚጠይቀኝ።»

ጥሩወርቅ ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች።

«አበጀ፣ ስልክህ ላይ የምስሉን ጥራት ምን ላይ ነው ያደረግኸው?»

የበረሃው ንፋስ ብቻ ይሰማል።

«የመጨረሻው ታች ላይ» አላት። «ያኔ እየቆመ ሲያስቸግረኝ ዝቅ አደረግሁት። ከምንም ጭጋጉ ይሻላል ብዬ። ከዚያ… ለመድኩት መሰለኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብቻሽን ነሽ፣ ምን ታደርጊዋለሽ ብዬ ነዋ። ደህና ነው አልኩሽ።»

«እኔም ትናንት ደህና ነን ብዬህ ነበር» አለች ጥሩወርቅ። «ያን ጊዜ ምንታምርን አዝዬ ጤና ጣቢያ እየሮጥኩ ነበር። እሳት ሆና ነበር።»

አሁንስ አለ አበጀ። አሁን ድናለች አለችው። እውነትሽን ነው ወይስ እንደ ደህናው ነው አላት። እውነቴን ነው፣ ጣቴን ነክሳኛለች አለችው። ያን ጊዜ ሁለቱም ትንሽ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ወደ ሌላ ነገር ሊዞር ሲል ሁለቱም ተዉት።

«ሙሉውን ጠይቀው» አለችው።

አበጀ ስልኩ ላይ ያለችውን ምልክት ከታች እስከ ላይ ገፋት። እንደገና አንኳኳ። ሳጥኑ ይህን ጥያቄ ሰምቶ አያውቅም ነበር። መቀሱን አስቀመጠ፤ ሙሉውን ሲጠይቁህ የምታጠበው የለም። ልጅቱን ከነሽፋሽፍቷ አነሣና ቀስ እያለ ሰጠ፤ በዋይፋዩ አፍ፣ በሽቦው ጀርባ፣ በተራራው ትከሻ፣ እስከ በረሃው።

ጥሩወርቅ ትጠብቃለች። ከስልኩ ውስጥ የሚሰማው የምንታምር ድምፅ ነው፤ ልትቆም ስትታገል የምታሰማው ያ ማቃሰት። ሌላ ምንም የለም። ከዚያ የአበጀ ድምፅ መጣ።

«አገጯ ላይ ነጥብ አለ።»

«አዎ።»

«የእናቴ ነጥብ ናት። እናቴም እዚያው ላይ ነበረቻት።» ምስሉን አቆመው። «መቼ ነው የወጣባት?»

«ስትወለድም ነበረቻት» አለችው ጥሩወርቅ።

ከዚያ በኋላ ተራራው ከቦታው አልተነሣም። በረሃውም አልቀረበም። ቤቱ ሲመሽ አሁንም ለአንድ ሰው ይሰፋል፤ ድንኳኑም ያው ነው። ብቻ አመሻሽ ላይ ሲያንኳኳ ሙሉውን ይጠይቃል፣ ሳጥኑም ሙሉውን ይሰጣል። ሲደዋወሉ፣ ደህና ናችሁ ሲላት ጥሩወርቅ ወዲያው አትመልስም። መጀመሪያ ታስባለች። ከዚያ እንደ ሆነው ትነግረዋለች፤ አንዳንዴ ደህና ነን፣ አንዳንዴ አይደለንም። እሱም እንደዚያው።

አሮጊቶች ስለዚህ ነገር ሲናገሩ እንዲህ ይላሉ፦ የሸፈኑት አይተነፍስ፣ ያልጠየቁት አይደርስ።

«በሉ እንግዲህ ያዋስኳችሁን ተረት መልሱልኝ።»

«ጆሯችንን መልሺልን።»

«ውሰዱ። ታጥቧል።»

ልጆቹ ዝናቡ ሲያባራ ተበተኑ። የኔዋ ቤት ገብታ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ እንሽላሊት ትፈልግ ጀመር። እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ። ስልኬን አወጣሁና ለአክስቴ ለይመኙሻል ደወልኩ። ዛሬ እሷም ብቻዋን ነች። እንዴት ነሽ አልኳት። ደህና ነኝ አለችኝ።

አልዘጋሁም።